እንቁጣጣሽ አራተኛ ፎቅ ላይ

ጳጉሜን 1፣ ቅዳሜ

ትልቅ ድስት የለንም። ጠዋት ኩሽናውን ገልብጬ ሳየው የደረስኩበት ይህ ነው። አራት ዓመት በኖርንበት ቤት ለዶሮ ወጥ የሚሆን ድስት፣ ድፎ የሚጋገርበት ዕቃ፣ ለእንግዳ የሚወጣ ትሪ፣ አንዱም የለም። ቢኖር ነበር የሚገርመው። አውዳመት ሲደርስ ይህን የገላን ኮንዶሚኒየም ቆልፈን አቃቂ፣ እማዬ ቤት ነበር የምንሄደው። ድስቱም ትሪውም እዚያ ነው። እኛ በቦርሳ የልጆች ልብስ ይዘን እንገባለን፣ በፌስታል ዳቦ ተሸክመን እንመለሳለን።

እማዬ ካረፈች ዓመት አልፏታል፤ ሙት ዓመቷም ወጥቷል። አምና ሐዘን ላይ ስለነበርን በዓል የሚባል አልነበረም። ዘንድሮ አባባ እኛ ጋ ይመጣል።

ነገሩ የበዓል ብቻ ቢሆን እንዲህ ባልተጨነቅኩ። ሐምሌ ላይ «ጉንፋን ነው» ብሎ ለማንም ሳይናገር ብቻውን ተኛ። ጎረቤት ባያንኳኳ ኖሮ ምን እንደሚሆን ማሰብ አልፈልግም፤ ሐኪም ቤት ስናደርሰው የሳንባ ምች ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ እኔና ባሌ ዳዊት ጠቅልለህ እኛ ጋ ና ብለን ያልለመንነው ቀን የለም። «በዓሉን እንየው» አለ በመጨረሻ። ይህ እንግዲህ ፈተና ነው። በዓሉ ደስ ካለው እኛው ጋ ይቀራል። ደስ ካላለው ወደዚያ ጣሪያው ወደሚያፈሰው የቀበሌ ቤት ይመለሳል፤ ከዚያ በኋላ የሚያሳምነው ሰው አይገኝም።

ስለዚህ አቅጄአለሁ፦

ቤቱ የእማዬን ቤት ይምሰል።
ድፎ ዳቦ፣ በኮባ።
ዶሮ፦ ታርዶና ብልቱ ወጥቶ ከሚሸጥበት፣ ከሳሪስ። አባባ እንዳይደክም።
ለሁላችንም አንድ ዓይነት ጥለት ያለው ልብስ።
ቄጠማ። አደይ አበባ።

ዳዊት አነበበውና «እኔስ ምን እሠራለሁ?» አለ። ሽንኩርት ትልጣለህ አልኩት። ቴሌቪዥኑን ከፈተ።

ጳጉሜን 2፣ እሑድ

ለሙከራ ድፎ ጋገርኩ። ኮባ ስላጣሁ ከሥሩ ወረቀት አነጠፍኩለት። የላዩ ጥሬ፣ የታቹ ከሰል ሆነ። ልጆቹ መሀሉን ብቻ ፈልፍለው በሉ። ቤቱ እስካሁን የተቃጠለ ጥቁር አዝሙድ ይሸታል።

እማዬ በልኬት ሠርታ አታውቅም። ዱቄቱ ስንት ነው ስላት «እስኪበቃው»፣ ውኃውስ ስላት «በቃኝ እስኪል» ትለኝ ነበር። የእሷን እጅ እያየሁ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ግን ሳየው የነበረው እጇን እንጂ ዱቄቱን አይደለም ለካ።

የልጆቹ ልብስ መጣ። የአምስት ዓመቷ ሶስና ቀሚሷ ቢረዝምባትም ለብሳው ስትሽከረከር ዋለች። እጥፋቱን ማታ ሰፋሁላት። የዘጠኝ ዓመቱ ናሆም ግን «ማሚ፣ ይሄን ለብሼ ታች አልወርድም» ብሎ የኳስ ማሊያውን ታቀፈ።

እኔ በእሱ ዕድሜ አልወርድም የሚል ቃል አላውቅም ነበር። እማዬ ክረምቱ ሳይከብድ ሸማኔው ዘንድ ሄዳ አንድ ጥለት ትመርጣለች። ከዚያው ጥለት ለእሷ ቀሚስ፣ ለኔ ቀሚስ፣ ለአባባ ጋቢ ይሠራል። ሦስታችን በአንድ ቀለም ወጥተን በመንደሩ ስናልፍ ሰው «የቡድን መለያ» እያለ ይቀልድብን ነበር። አባባ የፋብሪካ መካኒክ ስለነበር ጥፍሩ ሥር ያለው ግሪስ አይለቅም። ዋዜማ ማታ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ጣቶቹን በሎሚ ሲፈትግ፣ እማዬ ከውስጥ «ጋቢውን በዚያ እጅህ እንዳትነካው» ስትለው ይሰማኛል። የኔ በዓል የሚጀምረው ከዚያ ሎሚ ነበር። ናፈቀኝ። ሌላ የምለው የለኝም፣ ናፈቀኝ።

ጳጉሜን 3፣ ሰኞ

ዛሬ ጀግና ነኝ። ከቢሮ ግማሽ ቀን አስፈቅጄ አቃቂ ሄድኩ። አባባ ሩፋኤልን ሊያነግሥ ወጥቶ እንደሚውል አውቃለሁ፤ ቁልፍም አለኝ። ሰርፕራይዝ ነው።

እማዬ በእጇ የሠራቻቸውን ዳንቴሎች ከሶፋው፣ ከቴሌቪዥኑ፣ ከሬዲዮው ላይ ሰበሰብኩ። አበባ ያለበትን መጋረጃ አወረድኩ። አጋዘኖቹ ያሉበትን የግድግዳ ምንጣፍ ጠቀለልኩ። ትልቁን ድስት ያዝኩ። ልወጣ ስል ነጠላዋን በሩ ጀርባ ሚስማሩ ላይ አየኋት። እሷንም አጣጥፌ ከተትኩ። በበዓሉ ቀን እኔ እለብሳታለሁ፤ አባባ ሲያየኝ ደስ ይለዋል።

ባጃጅ ውስጥ ማዳበሪያዎቹን ታቅፌ ስመለስ ዝናቡ ጀመረ፤ የሩፋኤል ዝናብ። እማዬ ይህን ዝናብ አታሳልፈውም ነበር። የውስጥ ልብስ ብቻ አስቀርታ ቆርቆሮው ወደሚያወርድበት ጥግ ትገፋኝና «ጠበል ነው፣ አትንቀጥቀጪ» ትለኛለች። እሷ ራሷ ግን በሩ ላይ ደርቃ ትቆማለች። አራተኛ ፎቅ ላይ ቆርቆሮ የት ይገኛል? ሶስናና ናሆም በረንዳው ላይ ሆነው ኩባያ ወደ ውጭ ዘርግተው ያጠራቅማሉ፤ ከዚያ አንዱ ሌላው ራስ ላይ ያፈሳል። ሳሎኑ ረጠበ። አልተቆጣሁም።

እስከ ማታ ሰቀልኩ፣ አነጠፍኩ፣ አለበስኩ። ዳዊት ከሥራ ሲገባ በሩ ላይ ቆመና «ይቅርታ፣ ቤት ተሳስቼ ነው» አለ። እውነቱን ነው፤ የእማዬ ቤት ሆኗል። ሶፋው ላይ ተቀምጬ ዳንቴሉን እየዳሰስኩ አለቀስኩ፤ ግን የደስታ ነው።

ጳጉሜን 4፣ ማክሰኞ

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

ጠዋት ገና ታክሲ ሰልፍ ላይ ሳለሁ አባባ ደወለ።

«ትናንት ቤት መጥተሽ ነበር?»

«አዎ አባባ።»

«እሺ። ሌባ የገባ መስሎኝ ነበር። ኋላ ሌባ ቢሆን ቴሌቪዥኑን ይዞ ይሄድ ነበር አልኩ።»

ልስቅ ስል እሱ እንዳልሳቀ ገባኝ። «ለበዓሉ እዚሁ ብሆን ይሻለኛል» ብሎ ዘጋው።

ቢሮ ምን እንደሠራሁ አላውቅም። አንዱን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ጻፍኩት። ምን ነክቶኝ ነው? የሱን ቤት ለማስመሰል የሱን ቤት አራቆትኩ። ከሩፋኤል ረጥቦ ሲመለስ፣ በሩን ሲከፍት፣ ያ ሁሉ ባዶ ሶፋ። ይህን ትናንት ያላሰብኩት እንዴት ነው? ሰርፕራይዝ ሰርፕራይዝ ስል።

ከሥራ ስወጣ ዳዊትን ጠራሁት። ያንን ሁሉ እንደገና አውርደን፣ በማዳበሪያ ከተን፣ አቃቂ ሄድን። አባባ ጨርቅ የሌለው ሶፋ ላይ ኮቱን እንደለበሰ ተቀምጧል። መጋረጃ ስለሌለ ከመንገድ የሚያልፈው ሁሉ ወደ ውስጥ ያያል።

«ይቅርታ አድርግልኝ» አልኩት። 

«ነጠላዋን እዚያ ያቆየኋት ረስቻት መሰለሽ?» አለኝ። «ጠዋት ስወጣ አያታለሁ። ማታ ገብቼ በሩን ስዘጋ አያታለሁ። ትናንት ዘጋሁት፤ ሚስማሩ ብቻ።»

ድምፁ ውስጥ ቁጣ ቢኖር ይቀለኝ ነበር።

ነጠላዋን መጀመሪያ መለስኩ። ከዚያ ሌላውን ስናለብስ የትኛው ዳንቴል የየትኛው እንደሆነ ጠፋኝ። እሱ ከተቀመጠበት ሆኖ ይመራናል። «ያቺ የሬዲዮው ናት። አይደለም፣ ጠርዟ የተቃጠለው። ካውያ ሲነካት እናትሽ አንድ ሳምንት አኩርፋ ነበር፤ ያቃጠለችው እኮ ራሷ ነች።» አሁን ሳቀ። ዳዊት ወንበር ላይ ቆሞ መጋረጃውን ሲያስገባ፣ «አባባ፣ ቀጥ ብሏል?» ይላል፤ እሱ «ወደ ግራ» ይለዋል፤ መጋረጃው ግን ቀጥ ብሎ ነበር፤ ሲያስቸግረው ነው።

ስንጨርስ ሻይ አፈላሁ። አባባ ሻዩን እያማሰለ፣ «የናትሽን ቤት እኔ እዚህ እያየሁት እኖራለሁ» አለኝ። «አንቺ ጋ የምመጣው እሱን ለማየት አይደለም፤ ያንቺን ለማየት ነው። ደግሞም እንግዳ አታድርጊኝ። እንግዳ መጀመሪያ ቀን ወርቅ ነው፣ ሁለተኛው ቀን ብር፣ ሦስተኛው ቀን ብረት።»

«እሺ» አልኩ።

«ዶሮው ተገዛ?»

«ፍሪዘር ውስጥ ነው። ብልቱ ወጥቶ ያለቀለት። እንዳትደክም ብዬ...»

«ለዘመን መለወጫ የበረዶ ዶሮ» አለና ወደ ዳዊት ዞሮ አየው። ዳዊት አንገቱን ደፋ።

እመጣለሁም አልመጣም አላለም። ስንወጣ ብቻ፣ «ድስቱን ይዘሽ ሂጂ፤ እኔ ለብቻዬ ምን ልሠራበት» አለ። ይህ ደግ ምልክት ይሁን ክፉ አላወቅኩም። ዳዊት «ድስት የሰጠ ሰው ወጡን ሊበላ ይመጣል» ይላል።

ቤታችን አሁን ራቁቱን ነው። ያው የኛ ግራጫ ሶፋ፣ ያው ነጭ ግድግዳ። ናሆም ለእንቁጣጣሽ የሚሰጣቸውን ሥዕሎች እየሣለ ነበርና ግድግዳው ላይ ልለጥፍ ወይ አለኝ። ለጥፍ አልኩት። አደይ አበባዎቹ ሁሉ ጀርባቸው ላይ የማሊያ ቁጥር አላቸው።

ጳጉሜን 5፣ ረቡዕ

መጣ!

ፈቃድ ወስጄ ቤት ነበርኩ፤ ሽንኩርቱን ጀምሬ ዓይኔ አልገለጥ ብሎኛል። ከደረጃው የዶሮ ጩኸትና የሶስና ጩኸት ተደባልቆ ሰማሁ። ስወጣ አባባ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ቆሞ ትንፋሹን ይሰበስባል፤ በአንድ እጁ ትንሽ ቦርሳ፣ በብብቱ ቀይ አውራ ዶሮ። በሚኒባስ ይዞት መጥቶ ነው። ረዳቱ «የሁለት ሰው ይክፈሉ» ብሎት፣ እሱም «እሱ ሕፃን ነው፣ ታቅፌዋለሁ» ብሎ መለሰለት አሉ።

ቤቱን ዞሮ አየ። ግራጫውን ሶፋ፣ ነጩን ግድግዳ። የናሆምን ሥዕሎች አንድ በአንድ መነጽሩን አድርጎ ተመለከተ። «አሥር ቁጥር አበባ ግሩም ነች» አለ። ናሆም ከዚያ በኋላ አልተለየውም።

ቢላዋ ጠየቀኝ። ዳዊት ደም ሲያይ ስለሚያዞረው ከአጠገቡ ጠፋ። ግቢያችን ውስጥ ለእርድና ለልብስ ማጠቢያ ተብሎ የተሠራ የጋራ ቤት አለ፤ እኔ ገብቼበት አላውቅም። ወደዚያ ወረደ። ውኃ አፍልቼ ጠበቅኩት። አልመጣም። ውኃው ቀዘቀዘ፤ እንደገና አፈላሁ። አልመጣም። ከሳንባ ምች የተነሣ ሰው ብርድ ላይ ምን ያደርጋል ብዬ ሮጬ ወረድኩ።

በሩ ላይ ሴቶች ተሰልፈዋል፤ እያንዳንዷ ዶሮ ይዛለች። እንደ አቃቂው ሁሉ እዚህም ሴት አታርድም፤ ወንድ መፈለግ ግድ ነው። አንዷ ባል የላትም፣ የአንዷ ባል ሥራ ላይ ነው፣ የአንዷ ባል እንደ ዳዊት ነው። ዋዜማ ሲሆን በር ላይ ቆመው የሚያልፈውን ወንድ ሁሉ ይለምኑ ኖሯል። ዛሬ አንድ ሽማግሌ ቢላዋ ይዞ ሲወርድ አዩ። አባባ እጅጌውን ጠቅልሎ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ቆሟል።

«ጋሼ፣ ይቺንም በስመ አብ ይበሉልኝ» ትለዋለች አንዷ ወጣት፣ ሆዷ ገፍቷል።

«አምጫት። አንቺ ግን ፊትሽን አዙሪ» ይላታል።

አቃቂም እንዲሁ ነበር። ለመበለቶቹ ሁሉ የሚያርደው እሱ ነበር፤ እማዬ «የራሳችን ዶሮ መጨረሻ ይታረዳል» እያለች ትነጫነጭ ነበር። ይህን እንዴት ረሳሁት? እንዳይደክም ብዬ ፍሪዘር የሞላሁለት ሰውዬ።

ሲመጣ ሸሚዙ ላይ ደም ተረጭቷል፣ ፊቱ ግን ፈክቷል። ዶሮውን በትኩስ ውኃ እየነጨን፣ እሱ የኔን ጎረቤቶች ለኔ ያስተዋውቀኛል። ነፍሰ ጡሯ ሁለተኛ ፎቅ ናት፣ አስተማሪ፣ አዳማ እናቷ ጋ ልትሄድ አስባ መንገዱን ፈርታ ቀረች። መነጽር ያላት ከኛ በታች ናት፣ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ለብቻዋ ነው የምትሠራው። እኔ ሕንፃው በበዓል ባዶ የሚሆን ይመስለኝ ነበር። ባዶ የምንሆነው እኛ ነበርን ለካ።

ኮባውስ? ምድር ቤት ሱቅ ያላት ዘይነባ አመጣችልኝ፤ ባሏ ከስልጤ ዕቃ ሲያመጣ አብሮ ጭኖላት ነው። የእሑዱ ዳቦ እንዳረረብኝ ስነግራት ስቃብኝ ነበር። «መጀመሪያ እሳት ላይ አሳልፊው፣ አለበለዚያ ይሰነጠቃል» አለችኝ። አሳለፍኩት። ለስልሶ እንደ ጨርቅ ታጠፈልኝ። ሽታው ከተነሣ በኋላ አባባ ወደ ኩሽና ብቅ ብሎ ቆመ፤ ተመለሰ።

ሌላ ጣጣ። ረቡዕ ስለሆነ ጾም ነው፤ ወጡን መቅመስ አይቻልም። ጨው ማን ይይልኝ? ሶስና ገና ስለማትጾም ወንበር ላይ አቁመን በጭልፋ አቀመስናት። ከንፈሯን ጠርጋ በቁም ነገር «ትንሽ ይቀረዋል» አለች። ጨመርኩ። «አሁን ጥሩ ነው፣ ግን ደግሜ ልየው።» ዳኛዋ ሆዷ ሞልቶ ተኛች።

መስከረም 1፣ ሐሙስ

ጠዋት ቄጠማውን ጎዘጎዝን። እማዬ ቤት ሲሚንቶ ላይ ነበር የሚጎዘጎዘው፤ የኛ ሴራሚክ ነው። ዳዊት ትሪ ይዞ ሲወጣ ተንሸራትቶ ሶፋው ላይ ተቀመጠ። ትሪው ግን አልወደቀም። አባባ «ጎበዝ፣ ዕቃ ይዞ መውደቅ ያውቃል» አለው።

ድፎው አንድ ጎኑ ተሰንጥቋል፤ መሀሉ ግን በስሏል። አባባ ቆሞ ባረከ። «ያጣናትን ነፍሷን ይማር፣ ያለነውን ከዓመት ዓመት ያድርሰን» ሲል ድምፁ መሀል ላይ ተቆረጠ። ናሆም እጁን ያዘው። በማሊያው ላይ የሀበሻ ሸሚዙን ደርቦ ነበር፤ ይህንን ማን እንዳግባባው አላውቅም።

ከዚያ ዶሮው። ፈረሰኛውን፣ የአባወራውን ብልት፣ እማዬ ሁልጊዜ ለአባባ ነበር የምታወጣለት። እኔም አወጣሁለት። አየውና በእንጀራ ይዞ ዳዊት ፊት አስቀመጠው። «ይህ ቤት አባወራ አለው» አለ።

ዳዊት ደስ ብሎት በላ። እኔ ግን የያዝኩትን ጉርሻ መልሼ አስቀመጥኩ። እንግዳ የሚናገረው ቃል ነው። በልቼ እሄዳለሁ ማለት ነው ብዬ አሰብኩ።

ወጡ ጥሩ ነበር። የእማዬን ግን አያህልም። አባባ ሁለት ጊዜ አስጨመረ፣ «ሽንኩርቱ ትንሽ ይቀረው ነበር» ብሎም ነገረኝ። ይህን ለእንግዳ ተቀባይ ማንም አይልም፤ ትንሽ ተጽናናሁ።

ከሰዓት ሶስና ከሕንፃው ልጆች ጋር አበባየሆሽ እያለች ወጣች። ቀሚሷ አሁን ልኳ ነው። ዘይነባ ለሁሉም ከረሜላ ሰጠቻቸው። ከዚያ በራችን መንኳኳት ጀመረ። በአራት ዓመት ውስጥ በበዓል ቀን ይህን በር ያንኳኳ ሰው የለም። የመጡት ግን ለኔ አይደለም። «ጋሼ አሉ?» ነው የሚሉት። ነፍሰ ጡሯ አስተማሪ ወጥ በሳህን ይዛለት መጣች። ከኛ በታች ያለችው ልጅ ዳቦ አመጣች፤ የሷ ከኔው ይበልጥ ተሰንጥቋል። ግራጫው ሶፋ ላይ ቦታ ጠፋ።

እንግዶቹ ሲወጡ አባባ ተነሥቶ ወደ ልጆቹ ክፍል ገባ። በበሩ ሳየው ያቺን ትንሽ ቦርሳ አልጋው ላይ አድርጎ ዚፑን ይዘጋል። ከሱ ጋር ክርክር እንደማያዋጣ አውቃለሁ። ሳህን ማጠብ ጀመርኩ።

ኮቱን ለብሶ ኩሽና በር ላይ ቆመ።

«ለመሆኑ እዚህ ደመራ የት ነው የሚደመረው?» አለኝ።

«አላውቅም» አልኩት። እውነት አላውቅም። ለመስቀልም እነሱ ጋ ነበር የምንሄደው።

«እንዴት ደመራ የሚደመርበትን ሳታውቂ ትኖሪያለሽ?» አለ፤ ከልቡ ገርሞታል። «ቆይ፣ ጠይቄ እነግርሻለሁ።»

ናሆምን አስከትሎ ወረደ። በመስኮት አያቸዋለሁ። ከጥበቃው ጋር ቆመዋል፤ ጥበቃው ሜዳውን በእጁ ያሳየዋል፣ አባባ ደግሞ ይህ ቦታ ነፋስ ይበዛበታል የሚል ይመስል ራሱን ይነቀንቃል።

ቦርሳውን ከአልጋው ላይ አንስቼ ቁም ሳጥን ውስጥ አስገባሁት። ልብሱን ላወጣለት ዚፑን ያዝኩና ተውኩት። እሱ ራሱ ያውጣው።